ለእምቦጭ ነቀላ በጀት ሲከፋፈል የሳተላይት ምስል ከቀበሌ ሪፖርት ይቅደም?

አወያይ፦ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ላሉ ወረዳዎች የነቀላ በጀት ሲከፋፈል ከቀበሌ ሪፖርት ይልቅ የሳተላይት መረጃ መነሻ ይሁን? ምክንያታችሁን አቅርቡ።

መምህር ከማራኪ፦ እኔ ይሁን ባይ ነኝ። ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ ከጣና በላይ ያልፋሉ፤ ምስላቸውም በነጻ ይገኛል። ውሃ ቅርብ ኢንፍራሬድ የተባለውን ብርሃን ሲውጠው ለምለም ቅጠል ግን መልሶ ያንጸባርቀዋልና አረሙ የሸፈነው ቦታ ተለይቶ በሄክታር ይለካል። ሪፖርቱ የሚነግረን ስንት ሰው ለዘመቻ እንደወጣ ነው፤ ስንት ሄክታር ውሃ እንደጸዳ ከእሱ አይገኝም።

የቆላድባ ልጅ፦ መምህር፣ የሚሉት ስለ ጥር ወር ከሆነ እስማማለሁ። እምቦጩ የሚበረታው ግን የመገጭና የድርማ ወንዞች ከየማሳው ያጠቡትን አፈርና ማዳበሪያ ወደ ሐይቁ ከሚያስገቡበት ከክረምቱ ጀምሮ ነው፤ ያኔ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ይሰነብታል። በዚያ ላይ የምስሉ አንዲት ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። ሁለት ሰው በግማሽ ቀን ነቅሎ የሚጨርሰው የመጀመሪያው አረም በዚያች ነጥብ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል፤ ሲመቸው በ2 ሳምንት ግድም እጥፍ የሚሆን ተክል ከላይ እስኪታይ ከተጠበቀ ደግሞ ለመቶ ሰው የሚበቃ ሥራ ይሆናል።

መምህር ከማራኪ፦ ደመናውን ሴንቲኔል-1 የተባሉት ሌሎች ሳተላይቶች የያዙት ራዳር ያልፈዋል፤ ምስሉን ማንበቡ ግን ሙያ ይጠይቃል። በትንሹ አረም ላይ አልከራከርህም።

የጎርጎራ ነዋሪ፦ ሁለታችሁም ነፋሱን ረሳችሁት። እምቦጭ ተንሳፋፊ ነው፤ ማክሰኞ ከእኛ ዳርቻ ያደረው ዓርብ ከሌላ ወረዳ ዳርቻ ይገኛል። ምስሉ ዳርቻችን ጸድቷል ቢል እኛ ነቅለነው ይሁን ነፋስ ወስዶት በምን ይታወቃል? እንዲህ ከሆነ ምስጋናውም ወቀሳውም ለነፋስ ነው። ውሃው በበጋ ሲሸሽ በባህር ሸሽ መሬት ላይ የምንዘራው ሽምብራና ጓያም ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ስለሆነ፣ ማሳችን በአረም እንዳይቆጠር እሰጋለሁ።

መምህር ከማራኪ፦ ጋሼ፣ የማሳው ስጋት ቦታው ድረስ ሄዶ በጂፒኤስ ናሙና በመውሰድ ይታረማል። የነፋሱ ግን አሳማኝ ነው፤ እንዲያውም ስህተቱ በወረዳ መከፋፈሉ ላይ መሆኑን አሳየኝ። ምስሉ የሐይቁን ጠቅላላ ሽፋን ይንገረን፣ ገንዘቡም በአንድ ቋት ተቀምጦ አረሙን ይከተል።

የቆላድባ ልጅ፦ በቋቱ እስማማለሁ። ሆኖም በጀልባ እየዞረ የመጀመሪያውን አረም ለሚጠቁመው ዓሣ አጥማጅ ከዚሁ ቋት አበል ይታሰብለት፤ ይህ በውሳኔው ካልተጻፈ ድምፄ ተቃውሞ ነው።