ማላታዮን የአንጎል አሴቲልኮሊንኢስትሬዝን አላግድ አለኝ፤ ስህተቱ የት ነው?

ቤዛ_ባዮኬም

ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ መመረቂያዬ እንደ ማላታዮን ያሉ ፀረ ተባይ መድኃኒቶች የአንጎል ኢንዛይም (የነርቭ መልእክተኛውን አሴቲልኮሊንን የሚሰብረው አሴቲልኮሊንኢስትሬዝ) ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት እየለካሁ ነው። ከቄራ የመጣ የበሬ አንጎል በፒኤች 8.0 ፎስፌት ባፈር ፈጨሁ፣ በሴንትሪፊውጅ በከፍተኛ ፍጥነት አዞርኩ፣ ከላይ የቀረውን ፈሳሽ ብቻ ወሰድኩ። የማነበው በኤልማን ዘዴ 412 ናኖሜትር ላይ ነው፤ ኢንዛይሙ ሳብስትሬቱን (የሚሰብረውን አሴቲልታዮኮሊን) ሲሰብር የሚወጣው ታዮል (ሰልፍሃይድሪል ያለው ውህድ) ዲቲኤንቢ ከተባለው ቀለም ሰጪ ጋር ቢጫ ይሆናል። ማላታዮኑን በዲኤምኤስኦ (የማሟሚያ ፈሳሽ) አሟሙቼ ከሳብስትሬቱ ጋር አንድ ላይ እጨምራለሁ።

እስከ 1 ሚሊሞላር ብወጣም ኢንዛይሙ ንቅንቅ አላለም። ሳብስትሬት ሳይገባ ገና ኩቬቱ ቢጫ ይሆናል። ከፍተኛው መጠን ላይ ደግሞ ንባቡ ይዋዥቃል። ማላታዮኑ ተበላሽቶብኝ ይሆን? በዚያውም፣ በዚሁ ዘዴ የጓያን መርዝ መለካት ይቻላል?

ፎስፎቦንድ

እህቴ፣ ማላታዮንሽ የተበላሸ አይመስለኝም። እንዲያውም ንጹሕ ቢሆን ነው ያላገደው። ማላታዮን በፎስፈረሱ ላይ ሰልፈር በድርብ ቦንድ የያዘ ነው፤ ይህ ቅርጽ ለኢንዛይሙ ደካማ አጋጅ ነው። በሰውና በእንስሳ ጉበት ውስጥ ሳይቶክሮም ፒ450 የተባለው ኢንዛይም ሰልፈሩን አውጥቶ ኦክስጅን ሲተካበት ማላኦክሶን (በአጭሩ ኦክሶን) ይሆናል። ኦክስጅን ኤሌክትሮንን ከሰልፈር ይበልጥ ስለሚስብ ፎስፈረሱ ኤሌክትሮን ይጎድለዋል፤ ያኔ ነው በኢንዛይሙ ንቁ ቦታ ያለው ሴሪን የሚይዘውና ተቆልፎ የሚቀረው። ኩቬትሽ ውስጥ ጉበት የለም፤ ስለዚህ መርዙም ገና አልተሠራም።

የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው። አሮጌ ወይም ሙቀት ያገኘው ጠርሙስ ውስጥ አይሶማላታዮን (አተሞቹ ቦታ የቀየሩ ማላታዮን) እና ማላኦክሶን ይጠራቀማሉ፤ ያን የመሰለ ናሙና በደንብ ሲያግድ «ማላታዮን አገደ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ የወረቀት ላይ ስህተት ብቻ አይደለም። በ1976 ፓኪስታን ውስጥ ለወባ መከላከያ ማላታዮን ከረጩ ሠራተኞች 2,800 ያህሉ ተመርዘው 5 ሞተዋል፤ ዋናው ምክንያት በመድኃኒቱ ውስጥ የተፈጠረው አይሶማላታዮን ነበር። አይሶማላታዮን አሴቲልኮሊንኢስትሬዝን ብቻ ሳይሆን ማላታዮንን የሚያረክሰውን ካርቦክሲልኢስትሬዝንም ያግዳል። ስለዚህ የናሙናሽን ንጽሕና በጋዝ ክሮማቶግራፊ ሳታረጋግጪ ምንም ቁጥር አትጻፊ።

ለሥራሽ የሚሻለው የማላኦክሶን ስታንዳርድ አስገዝተሽ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ነው። ያኔ «አላገደም» ያልሽው ውጤት ራሱ ግኝት ይሆናል። ዘዴው መሥራቱን ለማወቅ ደግሞ በየዙሩ ፊዞስቲግሚን የተባለውን የታወቀ አጋጅ ጨምሪ፤ እሱ ለውጥ ሳያስፈልገው በቀጥታ ያግዳል። ፊዞስቲግሚንም ካላገደ ጥፋቱ ከማላታዮኑ ሳይሆን ከአለካክሽ ነው።

ኩቬት412

ፎስፎ ዋናውን ተናግሯል፤ እኔ ወደ ኩቬቱ ልግባ። አራት ነገር ይታየኛል።

ዝቃጩን መጣልሽ የመጀመሪያው ነው። የአንጎል አሴቲልኮሊንኢስትሬዝ በአብዛኛው ከሽፋን ጋር የተጣበቀ ነው፤ ያለ ዲተርጀንት በከፍተኛ ፍጥነት ካዞርሽው ኢንዛይሙ ታች ቀርቷል። ወይ ጠቅላላውን ሆሞጅኔት (የተፈጨውን አንጎል) ተጠቀሚ፣ ወይ ባፈሩ ውስጥ ትራይተን ኤክስ-100 የተባለውን ዲተርጀንት ጨምሪና ከዚያ አዙሪ።

ቢጫው የሚመጣው ከግሉታታዮንና ከፕሮቲኖች ሰልፍሃይድሪል ነው፤ ዲቲኤንቢ ታዮል ካገኘ የማንም ይሁን ቢጫ ይሆናል። ሆሞጅኔቱንና ዲቲኤንቢውን ቀላቅለሽ ንባቡ እስኪረጋ 5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቂ፣ ሳብስትሬቱን ከዚያ በኋላ አስገቢ። ሁለት ብላንክ (ለማነጻጸሪያ የሚነበብ ባዶ ናሙና) አይቅርብሽ፦ አንዱ ያለ ሆሞጅኔት፣ ምክንያቱም አሴቲልታዮኮሊን በፒኤች 8 ራሱን ችሎ ይሰበራል፤ ሌላው ማላታዮንና ዲቲኤንቢ ብቻ ያለበት፣ ምክንያቱም ፀረ ተባዩ ሲሰበር ራሱ ታዮል ሊለቅ ይችላል።

የሚዋዥቀው ንባብ የሟሚነት ጉዳይ ነው። ማላታዮን ውሃ ውስጥ የሚሟሟው በሊትር 145 ሚሊግራም ያህል ነው፤ ይህም 0.44 ሚሊሞላር ገደማ ይሆናል። 1 ሚሊሞላር ስትጨምሪ ትርፉ ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ይንሳፈፍና ብርሃን ይበትናል። ኩቬቱን ወደ መስኮት አንስተሽ እዪው፤ ወተት ቢጤ ጭጋግ ታያለሽ። ዲኤምኤስኦንም ተይው፣ ራሱ ይህን ኢንዛይም ያግዳል። በኤታኖል አድርጊው፤ ከጠቅላላው መጠን 1 በመቶ አይለፍ፣ ያንኑ ያህል ኤታኖል ኮንትሮሉም ላይ ይግባ።

የመጨረሻው ቅደም ተከተሉ ነው። ሳብስትሬት ንቁውን ቦታ ከያዘ አጋጁ መግቢያ ያጣል። ኢንዛይሙንና አጋጁን ብቻ ለ5፣ ለ10፣ ለ20 እና ለ30 ደቂቃ አቆይተሽ ከዚያ ለኪ። ኦክሶን የማይመለስ አጋጅ ስለሆነ አይሲ50 (ኢንዛይሙን በግማሽ የሚያግደው መጠን) ብቻውን ትርጉም የለውም፤ የቆይታው ጊዜ ሲረዝም ቁጥሩ ይወርዳል። የቀረውን እንቅስቃሴ ሎጋሪዝም በጊዜ ላይ ሳይው፣ ተዳፋቱን በአጋጁ መጠን አካፍይው፤ ከሌሎች ሥራዎች ጋር የሚወዳደረው ያ ነው።

የ1961ዱ የኤልማን ልኬት እስከ ዛሬ ይሠራል፦ 2.6 ሚሊሊትር 0.1 ሞላር ፎስፌት ባፈር ፒኤች 8.0፣ 0.4 ሚሊሊትር ሆሞጅኔት (በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም አንጎል)፣ 100 ማይክሮሊትር 0.01 ሞላር ዲቲኤንቢ፣ 20 ማይክሮሊትር 0.075 ሞላር አሴቲልታዮኮሊን አዮዳይድ። ዲቲኤንቢው የሚሟሟው በፒኤች 7.0 ባፈር ነው፤ 39.6 ሚሊግራም በ10 ሚሊሊትር፣ 15 ሚሊግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ታክሎበት፣ ከብርሃን ተከልሎ። በደቂቃ የታየውን ለውጥ በ0.000574 አባዢና በሆሞጅኔቱ መጠን (20) አካፍዪ። ለውጡ 0.30 ከሆነ በአንድ ግራም አንጎል በደቂቃ 8.6 ማይክሮሞል ይመጣል። ሳብስትሬቱን አብዝቼ ላፍጥነው አትበዪ፤ ይህ ኢንዛይም ሳብስትሬት ሲበዛበት ራሱ ይታገዳል።

ቤዛ_ባዮኬም

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ማላኦክሶን ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። የበሬ ጉበት ፈጭቼ ማላታዮኑን ራሴ ብለውጠውስ?

ፎስፎቦንድ

በማላታዮን አልመክርሽም። ከጉበት የምታወጪው ፈሳሽ ኤንኤዲፒኤች (ፒ450 የሚያስፈልገው ረዳት ሞለኪውል) ሲጨመርበት ወደ ኦክሶን ይለውጣል፤ ነገር ግን እዚያው ያለው ካርቦክሲልኢስትሬዝ ማላታዮኑን ቀድሞ ይበላዋል፣ የተሠራውንም ኦክሶን ያስቀርብሻል። «አላገደም» ብለሽ ብትጽፊ የትኛው እንደሆነ አታውቂም። ጊዜ ከሌለሽ ዳይክሎርቮስ በተባለው ፀረ ተባይ ላይ ሥሪ፤ ኦክስጅኑ ቀድሞም በቦታው አለ። በቀላሉ የሚተንን መርዝ ስለሆነ ግን ከፊውም ሁድ ውጪ ክዳኑ አይከፈት።

ይህን ሐሳብ ግን አትጣዪው። መርዙ ከውጭ የሚገባው ሞለኪውል ሳይሆን የሰውነት ኢንዛይም የሚሠራው ሲሆን ነው ኬሚስት የሚፈለገው። ኤምፒቲፒን ተመልከቺ፦ በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ወጣቶችን በፓርኪንሰን ምልክት ያደረቃቸው ኤምፒቲፒ (በሰው ሠራሽ አደንዛዥ ዕፅ ውስጥ የተገኘ ቆሻሻ) ራሱ መርዝ አልነበረም። አንጎል ውስጥ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ ቢ ከናይትሮጅኑ አጠገብ ያለውን ካርቦን ኦክሲዳይዝ ሲያደርገው ነው ወደ ኤምፒፒ ፕላስ የሚሄደው፤ እሱ በዶፓሚን ማጓጓዣ በኩል ነርቩ ውስጥ ገብቶ የማይቶኮንድሪያን ኮምፕሌክስ አንድ ያቆማል። በ1984 በእንስሳት ላይ ኢንዛይሙን በዴፕረኒል (የሞኖአሚን ኦክሲዴዝ ቢ አጋጅ) ቀድመው ሲያግዱት ጉዳቱ ቀረ። የአንቺ ማላታዮን ጥያቄም ዘሩ ይኸው ነው።

የጓያ_ማሳ

ስለ ጓያው፦ በኤልማን ዘዴ አይሆንም። የጓያ መርዝ ቤታ-ኦዳፕ የግሉታሜት አምሳያ ነው፤ የሚያጠቃው አምፓ የተባለውን ተቀባይ እንጂ አሴቲልኮሊንኢስትሬዝን አይደለም። የሚለካው በኦፍታልአልዲሃይድ ነው። ዱቄቱን በ60 በመቶ ኤታኖል አውጪ፣ አንድ እጅ ውጣጭ በሁለት እጅ 3 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በፈላ ውሃ ላይ 30 ደቂቃ አቆዪ። የሚወጣውን ዳያሚኖፕሮፒዮኒክ አሲድ በቦሬት ባፈር ፒኤች 9.9 ከኦፍታልአልዲሃይድና ከመርካፕቶኢታኖል ጋር አዋሕደሽ 420 ናኖሜትር ላይ አንብቢ። ያልፈላ ናሙና ብላንክ ይሁንሽ።

ጉድለቱን ግን እወቂው። ይህ ዘዴ መርዛማውን ቤታ ከማይጎዳው አልፋ አይለይም። ጓያ ሲበስል ከቤታው ከፊሉ ወደ አልፋ ይዞራል፣ ሚዛኑ ወደ 40 በመቶ አልፋ ይሄዳል፤ ስለዚህ የሽሮውንና የንፍሮውን ቁጥር ከጥሬው ጋር ስታወዳድሪ «ምግብ ማብሰል መርዙን አልቀነሰም» ወደሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ልትደርሺ ትችያለሽ። የበሰለ ምግብ የምትለኪ ከሆነ ሁለቱን የሚለይ ኤችፒኤልሲ (ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ) ያለበት ቤተ ሙከራ ፈልጊ።