ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር፦ ካርቦሃይድሬት ቀንሶ ምግብ ቤት መብላት

እንግዳ ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። ዓይነት ሁለት ስኳር አለብኝ፤ ካርቦሃይድሬት በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ አድርጌ ነው የምመገበው። ነሐሴን ለዕረፍት አገር ቤት ነኝ፦ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ በመጨረሻ ሐዋሳ። የማርፈው ሆቴል ስለሆነ ቁርሱም ምሳውም እራቱም ምግብ ቤት ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ መተው እንዳለብኝ አውቃለሁ። የቸገረኝ የቀረው ነው። ወጥ ውስጥ ምን ያህል ካርቦሃይድሬት አለ? ቁርስ ምን ልዘዝ? ወሩ ፍልሰታ ስለሆነስ የፍስክ ምግብ አገኛለሁ? በሐኪም ምክር አልጾምም። ጥሬ ሥጋ አልበላም። የምወስደው መድኃኒት ሜትፎርሚንና ኢምፓግሊፍሎዚን ነው። የምታውቁ እባካችሁ ዘርዝሩልኝ።

የጓዳ ባለሙያ

እንኳን ለአገርዎ ያብቃዎ። ሥጋው አያስቸግርዎትም፤ የሚያስቸግረው ከሥሩ የሚነጠፈውና ከመረቁ ጋር የሚመጣው ነው።

100 ግራም እንጀራ 30 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። የምግብ ቤት አንድ ሙሉ እንጀራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 300 ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ አንዱ ብቻውን የሁለት ቀን ድርሻዎን ሊወስድ ነው። ትሪ ላይ «ትንሽ እቆርሳለሁ» ማለት አይሆንም፤ ወጡ ሲፈስበት የተነጠፈው ይርሳል፣ ከሥጋው ጋር አብሮ ይነሣል፣ ስንት እንደተበላም አይታወቅም። ሲያዙ «እንጀራ አይነጠፍበት፣ በሳህን ይቅረብልኝ፣ ሹካ ይምጣልኝ» ይበሉ። ሸክላ ጥብስ ከሆነ በሸክላው እንዳለ ይምጣ። ይህን ከመጀመሪያው ካልተናገሩ አስተናጋጁ በደግነት ተጨማሪ እንጀራ ይዞ መምጣቱ አይቀርም።

ወጥን በተመለከተ ዋናው ነገር ሽንኩርቱ ነው። ለአንድ ዶሮ ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ይገባል። 100 ግራም ሽንኩርት 9 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ስላለው በሁለት ኪሎ 180 ግራም መሆኑ ነው። ቁሌቱ ሲንተከተክ ውሎ ሽንኩርቱ ከዓይን ይጠፋል እንጂ ስኳሩ ድስቱ ውስጥ ነው። በ12 ብልት ሲካፈል አንዱ ብልት ከነቁሌቱ 15 ግራም ይደርሳል። ሥጋውንና እንቁላሉን አንሥተው ቁሌቱን ከተዉት ግን የሚደርስዎት ጥቂት ግራም ብቻ ነው። ቀይ ወጥም በዚሁ ሒሳብ ይሄዳል። ምንቸት አብሽ ግን ሥጋው ከቁሌቱ ስለማይለይ ቢዘሉት ይሻላል። ቦዘና ሽሮም ሥጋ አለው ተብሎ አይታዘዝ፤ መሠረቱ የሽምብራ ወይም የአተር ዱቄት ነው።

በሰላም የሚታዘዙት፦ ደረቅ ጥብስ፣ ዝልዝል፣ የዶሮ ጥብስ፣ የበሰለ ክትፎ። ክትፎ ቤት «ቆጮው ይቅር፣ በሱ ፈንታ ጎመንና አይብ ይጨመርልኝ» ይበሉ። ቆጮ ከእንሰት የሚወጣ ስታርች ነው፤ ከእንጀራ አይሻልም። አይብ በ100 ግራም 3 ወይም 4 ግራም፣ የበሰለ ጎመን 5 ግራም ገደማ ነው። ቅቤው ምንም የለውም። «ለብለብ» ግን የበሰለ ማለት አይደለም፤ ጥሬ ስለማይበሉ በደንብ እንዲበስል አስረግጠው ይናገሩ፣ የኮሶ ትል ሙሉ በሙሉ ባልበሰለ የከብት ሥጋ ነው የሚተላለፈው። አዋዜ ጥብስ ከሆነ አዋዜው በምን እንደተበጠበጠ ይጠይቁ፤ በጠጅ ወይም በማር የሚያዘጋጁ አሉ። ጥብስ ፍርፍርና ቋንጣ ፍርፍር እንጀራ ናቸው፤ እንቁላል ፍርፍር ግን እንጀራ ስለሌለበት አይፍሩት።

ሥጋ ቤት ከገቡ በኪሎ ማዘዝ ከሁሉም ይቀላል። ግማሽ ኪሎ ጎድን ወይም ሽንጥ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ መርጠው፣ አስመዝነው፣ እዚያው ያስጠብሱታል።

ቁርስ፦ ኦምሌት፣ እንቁላል በቃሪያ፣ ቅቅል። ቅቅል ተወዳዳሪ የለውም፤ ድንቹንና ካሮቱን ብቻ ወደ ዳር ያድርጉት። ጨጨብሳ፣ ገንፎ፣ ቅንጬና ፈጢራ ይቅሩ። ፉልም የባቄላ ነው፣ በ100 ግራም 20 ግራም ይጠጋል።

የሆቴል «የፈረንጅ ምግብ» ላይ ይጠንቀቁ። ኮትሌት በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ ይጠበሳል፣ ስካሎፒኒ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ሾርባውና የአሮስቶው ስጎም ብዙ ጊዜ በዱቄት ይወፍራሉ።

ሐይቅ ዳር

ሐዋሳ ሲደርሱ ሐሳብዎ ቀለለ። ሐይቁ ዳር ባለው የአሳ ገበያ፣ በአሞራ ገደል፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ አሳ) ሙሉውን ጎኑ ተሰነጣጥቆ ዘይት ውስጥ ይጠበሳል፤ ብዙውን ጊዜ ዱቄት አይነካውም፣ ግን ከመጠበሱ በፊት ይጠይቁ። ዳጣው በርበሬና ቅመም ስለሆነ አይጎዳዎትም። አሳ ኮትሌት ካዘዙ ግን ፍርፋሪ ዳቦ ለብሶ ይመጣል። አሳ ጉላሽ ላይ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ መካከለኛ ነው፣ አሳውን እየለቀሙ ይብሉ። ጥሬ አሳ የሚያቀርቡም አሉ፤ እሱን ይለፉት። ባሕር ዳርም እንደዚሁ የጣና አሳ በየምግብ ቤቱ አለ።

ፋርማሲስት ነኝ

እህቴ፣ ስለ ምግቡ የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ መድኃኒቱ ነው። ኢምፓግሊፍሎዚን ስኳርን በሽንት ያስወጣል። በዚያ ላይ ካርቦሃይድሬት በጣም ሲቀንስ ሰውነት ስብ ማቃጠል ያበዛል፣ ስብ ሲቃጠል የሚወጣው ኪቶን የሚባል አሲድም ይጠራቀማል። መንገድ ላይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከተጨመረበት ደም አሲድ እስከ መሆን ይደርሳል። ክፋቱ የስኳር መለኪያዋ ላይ አለመታየቱ ነው፤ ስኳሩ ከ250 በታች፣ አንዳንዴም ደህና የሚባል ቁጥር ላይ ሆኖ ሰውየው ሊታመም ይችላል።

ስለዚህ ከመነሣትሽ በፊት ሐኪምሽን እነዚህን ጠይቂ፦ 50 ግራሙ ከዚህ መድኃኒት ጋር ይሄዳል ወይ? ወይ ካርቦሃይድሬቱ ከፍ ይበል፣ ወይ መድኃኒቱ ይለወጥ? ከታመምኩና መብላት ካቃተኝ የትኛውን ላቁም? ሜትፎርሚንም ከሰውነት ፈሳሽ ሲያልቅ ሊቆም ስለሚችል ሁለቱንም በጽሑፍ ያዢ። በራስሽ ውሳኔ ግን አሁን እንዳታቆሚ።

በደም የሚለካ የኪቶን መለኪያና ስትሪፕ ከዚያው ይዘሽ ነይ፤ የሽንቱ ያን ያህል አያስተማምንም። ኪቶኑ 0.6 (ሚሊሞል በሊትር) እና ከዚያ በታች ከሆነ ደህና ነው። 1.5 ካለፈ ወዲያው ሐኪም ይጠየቃል፣ 3 ከደረሰ ድንገተኛ ክፍል ነው። ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ከመጣ የስኳሩን ቁጥር አይተሽ አትጽናኚ፤ ኪቶኑን ለኪ። ሐኪም ጋ ስትደርሺም የመድኃኒቱን ስም መጀመሪያ ተናገሪ፣ ስኳሩ ዝቅ ብሎ ሲታይ ኪቶን ላይታሰብ ይችላል።

ሐይቅ ዳር

የፍልሰታውን ጥያቄ ማንም አልመለሰም። ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ በፈረንጅ ከኦገስት 7 እስከ 21። አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቅ ሆቴሎችና የሙስሊም ምግብ ቤቶች ሥጋ ያቀርባሉ። ባሕር ዳርና በየመንገዱ ያሉ ከተሞች ግን ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። ከተቻለ ጉዞውን ይገልብጡት፦ ባሕር ዳርን ከ16 በኋላ ያድርጉት። ካልተቻለ አሳ በጾምም የሚያቀርቡ ብዙ ናቸው፤ ከሆቴል ሲወጡም ሦስት አራት የተቀቀለ እንቁላል ይያዙ።

በያይነቱ ከቀረበልዎ ጎመኑን፣ ፎሶሊያውንና ጥቅል ጎመኑን ይብሉ፤ ድንቹን፣ ቀይ ሥሩንና ሽሮውን ይተዉ። የተቀቀለ ምስር በ100 ግራም 20 ግራም ነው፣ ከዚያ 8ቱ አሰር (ፋይበር፣ ወደ ስኳር የማይለወጠው ክፍል)። ሐኪምዎ ድርሻዎን ከፍ ካደረገው መጀመሪያ የሚጨመረው ምስር ይሁን። ቲማቲም ፍትፍትና ሱፍ ፍትፍት እንጀራ አላቸው። አቮካዶ ሰላጣ ይገኛል፣ ጥሬ ቅጠል ግን ሆድ ሊያውክ ስለሚችል የበሰለው ጎመን ይመረጣል። እንጀራ ሲቀር ሆድ ድርቀት ይመጣል፤ የተቆላና የተፈጨ ተልባ አንድ ሾርባ ማንኪያ በውኃ በጥብጠው ይጠጡ። የተልባ ካርቦሃይድሬት ሁሉም ለማለት በሚቻል መልኩ አሰር ነው። ምግብ ቤት ሲያዙት «ያለ ማር፣ ያለ ስኳር» ይበሉ።

እንግዳ ከሜሪላንድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለሐኪሜ ዛሬውኑ እጽፋለሁ፤ ጉዞውንም ገልብጬ ሐዋሳን በጾሙ፣ ባሕር ዳርን ከጾሙ በኋላ አደርጋለሁ። መጠጡስ? ማክያቶ፣ ጁስ፣ ጠጅ?

የጓዳ ባለሙያ

ቡና ያለ ስኳር ምንም የለውም። ማክያቶ ወተቱ ነው የሚቆጠረው፤ 100 ሚሊ ሊትር ወተት 5 ግራም ገደማ። ሻይ በየሻይ ቤቱ ስኳሩ ገብቶበት ሊመጣ ይችላልና ሲያዙ «ስኳር ለብቻ» ይበሉ። ጁስ ይቅርብዎት፤ የአቮካዶው እንኳ ስኳር ወይም ሽሮፕ ይጨመርበታል። አቮካዶውን ቆርጠው በሎሚና በጨው ያምጡልዎ። አንድ ጠርሙስ ቢራ ከ10 እስከ 13 ግራም ነው፣ ጠጅ እንደ ጣፋጭነቱ ይለያያል። ግን በዚህ መድኃኒት ላይ አልኮል ራሱ ኪቶንን ስለሚያባብስ ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይንኩት። አምቦ ውኃ በየትም አለ፣ በብዛት ይጠጡ።