የጨረራ ፈቃድ መልሶ ሼድ ማስረከብ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ያለፈበት ሰው አለ?

የበሬሳው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነኝ። ከጀማ በኩል የሚመጣ ጂፕሰም እየፈጨን የምንሸጥባት አነስተኛ ፋብሪካ ነበረችን፣ ዘግተናታል። ሼዱ የኪራይ ነው፤ ባለቤቱ እስከ ጥር መጨረሻ አስረክቡኝ ብሎ ደብዳቤ ሰጥቶናል። ማሽኖቹ ተሽጠዋል። የቀረው ሲሎው (የዱቄቱ ማከማቻ) ወገብ ላይ የታሰረ የብረት ሳጥን ነው። ትልቅ ድስት ያክላል፣ ግን ሁለት ጎረምሳ አያነሳውም። ሲሎው ምን ያህል እንደሞላ በጨረር የሚያነበው መለኪያ፣ ጌጅ የሚሉት ነው። ቢጫው ምልክት ደብዝዟል፣ ታርጋው ግን ይነበባል፦ ሲሲየም 137 (ጨረር አመንጪው ነገር)፣ 1.85 ጊጋ ቤክሬል (የምንጩ ጉልበት መለኪያ)፣ 1995 እ.ኤ.አ.።

ፈቃዱን ያወጣው የድሮው ሥራ አስኪያጅ አሁን ውጭ አገር ነው። የፈቃዱም ጊዜ አልፏል። ጊዜው ካለፈ በራሱ አልተሰረዘም ወይ? ሳጥኑን ራሳችን ፈትተን በፒካፕ አዲስ አበባ ብናደርሰውስ? አንድ ቆራሌ ደግሞ በጥሩ ዋጋ እወስደዋለሁ እያለ ይመላለሳል፣ ውስጡ እርሳስ የሚባለው ብረት እንዳለ ሳያውቅ አልቀረም።

ጋሼ ጠባሴ

ቆራሌውን መጀመሪያ ሸኘው። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

በ1987 እ.ኤ.አ. ብራዚል ጎያንያ ከተማ ሁለት ሰዎች ከተተወ ክሊኒክ የሕክምና ማሽን ራስ ነቅለው ለብረታ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ሰውዬው ሲከፍተው በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራ ዱቄት አገኘ። ደስ ብሎት ለዘመድ አዝማድ አከፋፈለ። አራት ሰው ሞተ፣ ከ112,000 በላይ ሰው ተሰልፎ ተመረመረ። ያም ሲሲየም 137 ነበር።

የመለኪያ ባለሙያ

ጋሼ እውነትዎን ነው፣ ግን ልጁን በጣም እንዳናስደነግጠው። የጎያንያው የካንሰር ማከሚያ ነው፣ ከዚህኛው ከሃያ ሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል። ለዚህ የሚቀርበው የታይላንዱ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ፕራቺንቡሪ ግዛት ውስጥ ከአንድ የኃይል ማመንጫ እንዲህ ያለ የሲሲየም ሲሊንደር ጠፋ። ቆይቶ ሲሲየሙ የተገኘው ብረት ማቅለጫ ውስጥ፣ አቧራ ሆኖ ነው። ቆራሌ የወሰደው ጌጅ መጨረሻው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ወንድሜ። ፈቃዱ ጊዜው ስላለፈ አልተሰረዘም። ያለቀው የወረቀቱ ጊዜ ነው፤ ሳጥኑ እናንተ ግቢ እስካለ ኃላፊነቱ የድርጅቱ ነው። ሥራ አስኪያጁ አገር ቢለቅም ያው ነው። እንዲያውም በአዋጅ ቁጥር 1025/2009 የጨረራ ምንጭ ያለ ፈቃድ መያዝ ራሱ ጥፋት ስለሆነ፣ ዛሬ ያላችሁበት ሁኔታ ጥሩ አይደለም። እነሱ ሳይመጡባችሁ እናንተ ሂዱ። የድሮው ፈቃድ ላይ ጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን የሚል ካለ አትደናገር፣ ሥራው አሁን የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ውስጥ ነው። ደብዳቤው ላይ ሥራ ማቆማችሁን፣ የምንጩን ዓይነትና መለያ ቁጥር፣ የት እንደታሰረና ማን እንደሚጠብቀው ጻፉ። የታርጋውን ፎቶ አያይዙ።

1995 ብለሃል። ሲሲየም በ30 ዓመት ገደማ ግማሹ ይሄዳል፣ ስለዚህ አሁን 0.9 ጊጋ ቤክሬል አካባቢ ቀርቷል። ይህ ደግሞ መጫወቻ አይደለም።

ራሳችን እንፍታው ያልከውን እርሳው። ሳጥኑ ላይ ሻተር የሚባል ጨረሩን የሚያግድ መዝጊያ አለ፣ በውጭ በኩል እጀታ አለው። እኔ ያየሁት አንድ ጌጅ እጀታው «ዝግ» ላይ ነበር፣ ሁላችንም ተዘግቷል ብለን ቆመናል። የጨረር መለኪያውን፣ ሰርቬይ ሜትሩን፣ ስናስጠጋው ጮኸ። ለካ ዱቄት ገብቶ ጠጥሮ ሻተሩን ግማሽ መንገድ ላይ ይዞታል፣ የዞረው እጀታው ብቻ ነው። የናንተ ደግሞ ጂፕሰም ነው፣ እርጥበት ሲያገኘው ምን እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ። በመዶሻ እንዳትነካው። የሚፈታው ለዚህ ሥራ ፈቃድ ያለው ሰው ነው፤ መጀመሪያ ለክቶ፣ ሻተሩን ዘግቶ ቆልፎ፣ ከዚያ ነው ብሎን የሚፈታው። ማጓጓዙም እንደዚያው፣ በማሸጊያው፣ በምልክቱና በሰነዱ ነው የሚሄደው። 130 ኪሎ ሜትሩን በፒካፕ ሸራ አልብሰህ አትሞክረው።

እትዬ ሼድ

እኔ የተቃጠልኩት በወረቀት ነው። ሌላ ከተማ ላይ ፋብሪካ ስንዘጋ ጌጁን በሥርዓቱ አስነሳን፣ ተረካቢው ፈርሞ ወሰደ። ደረሰኙን የያዘው ልጅ ሥራ ለቀቀ፣ ደረሰኙም አብሮት ጠፋ። ያለ ርክክብ ሰነድ ፈቃዱ አይዘጋም ተባልን። ሳንሠራበት ወራት ኪራይ ከፈልን።

ሁለተኛ፣ ፈቃዱን አውጥተህ ስንት ምንጭ እንደሚል ቁጠር። የኛ ሁለት ይላል፣ ግድግዳ ላይ ያለው አንድ ነው። ሌላውስ? ስንት ቀን ፈልገን መለኪያው የሚሞከርበት ትንሽዬ ምንጭ መጋዘን ውስጥ፣ የአሮጌ ቦይለር ማኑዋል ሥር፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተገኘች።

የበሬሳው

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁኑኑ ፈቃዱን እፈልጋለሁ። ሌላ ጭንቀት አለብኝ። ሲሎውን የገዛው ሰው ከ20 ዓመት በላይ ጨረር ሲመታው የኖረ ብረት አልወስድም እያለ ነው። መሬቱንስ መቆፈር ይኖርብን ይሆን?

የመለኪያ ባለሙያ

አይ፣ ንገረው። የሲሲየም ጨረር ብረቱን አልፎት ይሄዳል እንጂ ብረቱን ጨረር አመንጪ አያደርገውም። ፋኖሱ ከቤት ሲወጣ ግድግዳው አይበራም። ችግር የሚኖረው ምንጩ ተሰንጥቆ ካፈሰሰ ነው። ለዚህ ነው ሳይነሳ በፊት ሳጥኑን በጥጥ ጠርገው ጥጡን ላብራቶሪ የሚያስገቡት። ብዙ አገር ጥጡ ላይ 185 ወይም 200 ቤክሬል ከተገኘ እንዳፈሰሰ ይቆጠራል። ከዚያ በታች ከሆነ ቁፋሮ የለም። ሳጥኑ ከተነሳ በኋላ ቦታው ይለካል፣ ንባቡ ከአካባቢው ጋር እኩል ከሆነ አለቀ።

ካፈሰሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ወለሉ ሁሉ ይጠናል። አሜሪካኖች ቦታ ያለ ገደብ የሚለቁት በዓመት ከ0.25 ሚሊ ሲቨርት (ሰው ላይ የሚደርሰው ጨረር መለኪያ) በላይ በማያደርስ ሁኔታ ነው፣ የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኤጀንሲ ምክር ደግሞ 0.3 ላይ ነው። በናንተ ጉዳይ እዚያ እንደማንደርስ ተስፋ አለኝ።

የአካባቢውን ንባብ ስትወስዱ ግን ጠንቀቅ በሉ። አንዱ ባለሙያ ከቆላ ለክቶ የመጣውን ቁጥር ደብረ ብርሃን ላይ አስቀምጦ «ቦታው ተበክሏል» ብሎ ሲያስጮህ አይቻለሁ። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ከሰማይ የሚመጣው ጨረር እዚህ ይበዛል። በዚያው ቀን፣ በዚያው መሣሪያ፣ ከሼዱ ራቅ ብላችሁ ሜዳው ላይ ለኩ።

የበሬሳው

ፈቃዱ ተገኘ፣ አንድ ብቻ ይላል፣ ተመስገን። ደብዳቤውም ገባ። የሼዱን ባለቤት አናገርኩት፤ መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ የሲሎውን ጥግ ለይታችሁ ቆልፉ፣ የቀረውን ልረከብ አለ።

እትዬ ሼድ

በጽሑፍ ይስጥህ። ቁልፉም እናንተ ጋ ይሁን፣ እሱ ጋ አይደለም። መዝጊያ ደብዳቤው እጅህ ሳይገባ ሁሉንም አስረክቤያለሁ ብለህ አትፈርም።

ሌላው፣ ሳጥኑ ተነስቶ ከተለካ በኋላ ቢጫውን ምልክት ከበሩ ላይ ማንሳት እንዳትረሳ። እኛ ረስተነው አዲሱ ተከራይ ዕቃውን ሊያራግፍ መጥቶ ምልክቱን ሲያይ መኪናውን አዙሮ ሄደ፣ ቀብዱንም አስመለሰ።