ጠባብ ወሽመጥ ውስጥ መልህቅ ስንጥል ስንት ሜትር እንልቀቅ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 10 ሜትር የምትረዝም ባለሸራ ጀልባ አለችን። ሰው የማይኖርበት፣ ዙሪያው ደን የሆነ ትንሽ ወሽመጥ ውስጥ ልናድር አስበናል። ስፋቱ 120 ሜትር ገደማ ነው። ስንደርስ መሃሉ 6 ሜትር ይጠልቃል፤ ከዚያ ውሃው ሲሞላ 2 ሜትር ይጨምራል፣ ሲጎድል 2 ሜትር ይቀንሳል። ያለን 30 ሜትር ሰንሰለትና ከሱ የተያያዘ 40 ሜትር ገመድ ነው። ምን ያህሉን እንልቀቅ?

መልስ 1፦
ሂሳቡን ውሃው ሞልቶ ከሚኖረው ጥልቀት ጀምር። 8 ሜትር ነው። ከውሃው እስከ ጀልባዋ አፍንጫ ያለውን 1 ሜትር ጨምርበት፤ ብዙ ሰው ይቺን ይረሳታል። 9 ሆነ። ሰንሰለት ብቻ ቢሆን 5 እጥፍ ይበቃል፤ ገመድ ከተቀላቀለበት ግን 7 እጥፍ ልቀቅ። 63 ሜትር ማለት ነው። መልህቅ የሚነክሰው አግድም ሲጎተት ነው፣ ሽቅብ ከሳብከው ይነቀላል።

መልስ 2፦
ሂሳቡ ልክ ነው፤ ቦታው ግን አይበቃችሁም። ነፋሱ ሲዞር ጀልባዋም በመልህቁ ዙሪያ ትዞራለች። ርዝመቷ ሲደመር ከመልህቁ እስከ ኋላዋ 72 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከመሃል እስከ ዳር ያለው ግን 60 ነው። ድንጋይ ላይ ወጣችሁ ማለት ነው!

እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚያዋጣው ኋላዋን ከዛፍ ማሰር ነው። መልህቁን ከዳር ራቅ አድርጋችሁ ጣሉ፣ በኋላ ማርሽ ወደ ዳር ተጠጉ፣ አንድ ሰው በትንሿ ጀልባ ገመድ ይዞ ይሂድ። ገመዱ የሚንሳፈፍ ዓይነት ይሁን፤ የሚሰምጠው ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል። ዛፉን አዙሮ ጫፉን ወደ ጀልባዋ ይመልሰው። ስትነሱ ማንም ሳይወርድ እዚያው ሆናችሁ ፈታችሁ ትስቡታላችሁ። የደረቀ ዛፍ እንዳታምኑ።

መልስ 3፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ከኋላ የታሰረች ጀልባ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ማዞር አትችልም። ነፋሱ ከጎን ከመጣ መልህቁ ላይ ያለው ጫና በጣም ይጨምራል። ወሽመጡ ከቀጥ ያለ ተራራ ሥር ከሆነ ደግሞ ጸጥታው አያታላችሁ። ማታ ቀዝቃዛ አየር ከላይ ቁልቁል ይወርዳል። የጎን ነፋስ ይመጣል ከተባለ እኔ ብሆን ሰፋ ያለ ወሽመጥ እፈልጋለሁ።

ጠያቂው፦
ተባረኩ። መልህቁ መንከሱን በምን አውቃለሁ? ታቹ ጭቃ ነው፣ የባሕር አረምም አለበት ይባላል።

መልስ 4፦
ጭቃው ጥሩ ነው፤ ጣጣው አረሙ ነው። መልህቁ አረም ላይ ካረፈ የያዘ ይመስልና በኋላ ይለቃል። ዛፉ ጋ ከማሰራችሁ በፊት በኋላ ማርሽ ቀስ በቀስ ሳቡት። አንተ አፍንጫዋ ላይ ሆነህ ገመዱን በእጅህ ንካው። ዝርር፣ ዝርር እያለ ከተንቀጠቀጠ መልህቁ እየተጎተተ ነው። ተወጥሮ ጸጥ ካለ ይዟል። በጎን በኩል ዳር ላይ ያለ ዛፍና ከጀርባው ያለ ድንጋይም አስተያይ፤ ሞተሩ እየሳበ አንዱ ከሌላው ካልተላቀቀ ጥሩ ነው። አረም ይዞ ከወጣ አጽድታችሁ ሌላ ቦታ ጣሉት፤ እዚያው መሞከር ድካም ነው። ማታ የጂፒኤስ ማንቂያ ክፈቱ፣ ነጩን የመልህቅ መብራትም አብሩ።

ጠያቂው፦
ኋላዋ ዳር ተጠግታ ውሃው ሲጎድልስ?

መልስ 2፦
ከውሃ በታች ስንት ትገባለች? 1.8 ሜትር ከሆነ፣ ስትደርሱ ከኋላዋ ሥር ቢያንስ 4.5 ሜትር ውሃ ይኑር። 2 ሜትሩ ሲጎድል 70 ሳንቲ ሜትር ይተርፋችኋል። ከዚያ በላይ ወደ ዳር አትጠጉ፤ ይልቅ ገመዱ ይርዘም።