የጀማሪዎች የሰርኪት ቦርድ ሥልጠና፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን የዕቅድ ውይይት

ረቂቅ አዘጋጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ ይኸው። አንደኛ ቀን ሶፍትዌር፣ ሁለተኛ ቀን መስመር ዝርጋታ፣ ሦስተኛ ቀን ግራውንድ (የኤሌክትሪክ ፍሰቱ፣ ማለትም ከረንቱ፣ ወደ ምንጩ የሚመለስበት የጋራ መዳብ)። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የቤተ ሙከራ ተጠሪ፦ ግራውንድ መጨረሻ ላይ መምጣቱ አልተዋጠልኝም። ጀማሪ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። መስመሩን ሁሉ ይዘረጋና የተረፈውን ቦታ በመዳብ ይሞላል። ሲያዩት የተቆራረጠ ነው። ባለ ሁለት ሌየር (የመዳብ ንብርብር) ቦርድ ከሆነ የታችኛው ገና ከጅምሩ ለግራውንድ ይተው።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ የጀማሪ ጥያቄ ነው። ግራውንዱ የሆነ ቦታ ላይ እስከተገናኘ ድረስ ቢቆራረጥ ምን ችግር አለው? ሶፍትዌሩም ስህተት የለም ይለኛል።

የቤተ ሙከራ ተጠሪ፦ ጎበዝ፣ ሥልጠናው በዚህ ጥያቄ ይጀመር። ሶፍትዌሩ የሚያየው መገናኘቱን ብቻ ነው። ከረንት ግን ሄዶ አይቀርም፣ ወደ ምንጩ ይመለሳል። ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ደግሞ በአቋራጭ አይመጣም። ከመስመሩ ሥር ሥሩን ይከተላል፣ ኢንዳክታንሱ (የከረንትን መለዋወጥ የሚቃወመው ባሕርይ) እዚያ ስለሚያንስ። እዚያ ጋ ፕሌኑ፣ ማለትም የግራውንዱ መዳብ፣ ከተሰነጠቀ ዞሮ መምጣት አለበት። ያ ዙር አንቴና ሆነ ማለት ነው። እኔ ራሴ አንዴ ቪያዎችን (ሌየሮቹን የሚያገናኙ ቀዳዳዎችን) በሰልፍ ደርድሬ፣ በዙሪያቸው ያለው ክፍተት ገጥሞ ፕሌኑን ለሁለት ቆርጦብኛል። ስንጥቅ ልሥራ ብዬ አልነበረም እኮ!

ረቂቅ አዘጋጅ፦ ተቀብያለሁ፣ ግራውንድ ወደ አንደኛ ቀን ዞሯል። የአናሎግና የዲጂታል ግራውንድን መለየትስ?

አንጋፋ አባል፦ ለጀማሪ ባይነገር እመርጣለሁ። ይለዩትና መስመሩን በስንጥቁ ላይ ያሻግሩታል፤ ያ ደግሞ ጭራሽ ካለመለየት የባሰ ነው። ዕቃዎቹ በቦታ ይለዩ፣ ግራውንዱ አንድ ይሁን። ለአይሲው (ለቺፑ) ከቅርብ ቻርጅ የሚያቀብለው ባለ 100 ናኖፋራዱ ካፓሲተርም አይረሳ። ከአይሲው የፓወር ፒን አጠገብ ልጥፍ ይበል፣ የግራውንድ ቪያውም ከፓዱ (ዕቃው ከሚበየድበት መዳብ) አይራቅ። በረዥም ቀጭን መስመር ጫፍ ላይ ከተንጠለጠለ ጌጥ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ቴርማል ሪሊፍም (ፓዱን ከፕሌኑ ጋር በቀጫጭን የመዳብ ድልድዮች ብቻ ማያያዝ) ይግባ። ፓዱ በሙሉ ከፕሌኑ ጋር ተያይዞ፣ ሙቀቱን መዳቡ እየጠጣው፣ ሶልደሩ አልቀልጥ ብሎኝ ያበድኩበት ቀን አለ። ለመሆኑ ለልምምዱ ባለ አራት ሌየር ያስፈልጋል?

የቤተ ሙከራ ተጠሪ፦ ባለ ሁለት ይበቃናል። በ1.6 ሚሊሜትር ቦርድ ላይ ፕሌኑ ከመስመሩ ትንሽ ይርቃል፤ ባለ አራት ላይ ብዙ ጊዜ ወደ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ይጠጋል። ያንን በሥዕል እናሳያለን። ልምምዱ እንዲህ ይሁን፦ አንድ ዓይነት ሰርኪት፣ ሁለት ቦርድ። አንዱ ፕሌኑ ሙሉ፣ ሌላው ከክሎክ መስመሩ (የሰርኪቱ ቋሚ ምት ከሚሄድበት) ሥር የተሰነጠቀ። የኦሲሎስኮፑን (ቮልቴጅን በስክሪን የሚያሳየውን መሣሪያ) የፕሮብ (የመለኪያ ገመድ) ጫፍ ከራሱ የግራውንድ ክሊፕ ጋር ስናያይዘው ትንሽ ቀለበት ይሆናል። ቀለበቱን ቦርዱን ሳያስነኩ በላዩ ማሳለፍ ነው። ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ ያለው ምልክት ይጎላል።

አዲስ አባል፦ የተሰነጠቀውን እኔ ልሥራው? ልምዱ አለኝ 😄

ረቂቅ አዘጋጅ፦ ያንተ ነው። ሙሉውን አንጋፋችን ይያዙልን። ሁለቱ ፋይሎች ሲደርሱኝ ፕሮፖዛሉ ላይ አያይዛለሁ።