የጀልባ ሞተር ከሌባ እንዴት ይጠበቃል?

ጥያቄ፦ አዲሱ ጀልበኛ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነው ያለሁት። ከወንድሜ ጋር ሆነን አንዲት የላሜራ ጀልባ ገዝተናል። ሰውና ዕቃ ወደ ዘጌ እናመላልስባታለን። ሞተሯ ያማሃ 15 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ባለ ሁለት ስትሮክ፣ በገመድ ተስቦ የሚነሳው ዓይነት። የኋላው ሳንቃ ላይ የተያዘው በሁለቱ የእጅ ብሎኖች ብቻ ነው። ማታ ማታ ከሌሎች ጀልባዎች ጋር ዳር ላይ ታስራ ታድራለች።

ሰሞኑን ከኛ ራቅ ብሎ ከሚቆም ጀልባ ላይ ሞተር ነቅለው ወሰዱ። ጀልባው እንዳለ አለ፣ ሞተሩ የለም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥተናል። ወንድሜ «በየማታው ነቅለን ቤት እናስገባው» ይላል። እኔ ደግሞ ጥሩ ቁልፍ ከተገኘ እዚያው ይደር ባይ ነኝ። የዕቁቡ ገንዘብ እዚችው ላይ አልቋል፤ ሌላ ሞተር የምንገዛበት የለንም። ልምድ ያላችሁ ምን ትላላችሁ?

ሞተረኛው

መጀመሪያ እንኳን ደስ ያላችሁ። ሥራው ይባረክላችሁ።

አሁን ወደ ነገሩ። ባለ ሁለት ስትሮኳ 15 ክብደቷ 36 ኪሎ ገደማ ነው። 40ዋ ብትሆን ከ70 ኪሎ በላይ ስለሆነች ሁለት ሰው ያስፈልጋታል። ያንተን ግን አንድ ጎረምሳ ብሎኖቹን በእጁ አላልቶ በትከሻው ይዟት ይሄዳል። መፍቻ እንኳ አያስፈልገውም።

ሞተሩን የሚይዘውን ብረት ልብ ብለህ እየው። ከእጅ ብሎኖቹ ሌላ ቀዳዳዎች አሉት። ብዙ ሰው ባዶአቸውን ይተዋቸዋል። የተሠሩት ግን ብሎን እንዲያልፍባቸው ነው። ሳንቃውን በዚያው ትይዩ ብሱና የማይዝግ ብሎን ከጀርባ እስከ ውስጥ አሳልፉ። ከውስጥ በኩል ሰፊ ሮንዴላ ወይም የወፍራም ላሜራ ቁራጭ ይደረግ፣ ከዚያ ዳዶ። ሌላም ጥቅም አለው። ማዕበል ላይ የእጅ ብሎን ቢላላ ሞተሩ ዘሎ ሐይቅ ውስጥ አይገባም። ከሌባ ይልቅ ጣና የወሰደው ሞተር ያነሰ እንዳይመስልህ።

ስትበሱ ቀዳዳውን በሲሊኮን ሙሉት። አለዚያ እንጨቱ ውሃ ይጠጣና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሳንቃ ላይ የተቆለፈ ሞተርን ሌባው ከነሳንቃው ገንጥሎ ነው የሚሄደው።

የዘጌ ልጅ

ምን ያስጨንቃል? ዳዶውን ከብሎኑ ጋር አስበይደው ይገላገሉት። ግራይንደር ይዞ ሐይቅ ዳር የሚመጣ ሌባ አላየሁም።

ሞተረኛው

አይሆንም ወንድሜ። የብየዳው ሙቀት ሳንቃውን ያቃጥላል፣ ሲሊኮኑንም ያበላሸዋል። መያዣው ራሱ ደግሞ አሉሚኒየም ነው፤ እሳት ከነካው ይበላሻል። ሞተሩን ለጥገና ማውጣት ስትፈልግስ? በራስህ ንብረት ላይ መጋዝ ይዘህ ልትቆም ነው። ልዩ መፍቻ ካልሆነ የማይፈታው ዳዶ አለ፤ የመኪና ጎማ ላይ የሚያደርጉት ዓይነት። በብሎኑ ልክ ከተገኘ እሱ ይሻላል።

ከሲያትል

ሰላም የአገሬ ልጆች። እዚህ በትንንሽ ሞተሮች ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ቁልፍ አለ። በአንድ ጎኑ የተሰነጠቀ ወፍራም የብረት ቱቦ ነው። የሁለቱን የእጅ ብሎኖች እጀታ አግድም በአንድ መስመር ታስተካክላለህ። ቱቦውን በላያቸው ላይ ታንሸራትተዋለህ፣ ከዚያ ጫፉ ላይ ትቆልፈዋለህ። እጀታዎቹ ቱቦው ውስጥ ስለታሰሩ መዞር አይችሉም። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰው ሲመጣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ግን ከማዘዝህ በፊት ብሎኖቹን አጥብቀህ ከአንዱ እጀታ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ያለውን ርዝመት ለካ። ቱቦው ካጠረ ዋጋ የለውም።

ብየዳ ቤት

ለዚህ አሜሪካ ድረስ አያስኬድም። ከካናል ብረት ቆርጠን እንሠራዋለን። አንዱን ጫፍ ደፍነን፣ ሌላው ጫፍ ላይ ለጓጉንቸር ቀዳዳ እናወጣለን። ወሳኙ ጓጉንቸሩ ነው። ተንጠልጥሎ ከታየ በብረት ዘንግ ጠምዝዘው ይሰብሩታል። ዙሪያውን የብረት ሽፋን ይኑረው፣ ከታች ቁልፉ የሚገባበት ክፍተት ብቻ ይታይ። አጭርና ወፍራም ማንጠልጠያ ያለውን ግዙ። በየጊዜው ስስ ዘይት ጠብ አድርጉበት። ግሪስ አትቀቡት፤ አሸዋ ይይዛል።

ሐይቅ ዳር

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ሞተሩን ከጀልባዋ ጋር ስለማሰር ነው የምታወሩት። ጀልባዋን ማን አሰራት? በሲባጎ ገመድ ታስራ ካደረች ሌባው ቁልፍ ጋር ሲታገል አያድርም። ገመዱን ቆርጦ ጀልባዋን እየቀዘፈ ጨለማ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ማንም በሌለበት ተረጋግቶ ይፈታዋል። ስለዚህ ጀልባዋም በሰንሰለት ትታሰር። ሰንሰለቱ ዳር ላይ ከተተከለ ብረት ወይም ከትልቅ ዛፍ ጋር ይሁን። ለይስሙላ በተቸነከረ ችካል ላይ አይሁን።

የቤንዚኑን ጄሪካንና ቱቦውን ማታ ይዛችሁ ግቡ። ሞተሩን አስነስቶ እንዳይሄድ ያደርገዋል፤ ቤንዚኑም ራሱ ይሰረቃል። ቀዩን የማጥፊያ ገመድ፣ ሲነቀል ሞተሩን የሚያጠፋውን፣ ነቅያለሁና ደህና ነኝ የሚል ሰው ደግሞ አለ። እሱ አያስተማምንም። በሲባጎ ቁራጭ ይተኩታል።

ወንድምህ ያለውም አልተሳሳተም። ጀልባዋ ለሳምንታት ሥራ ፈትታ የምትቆም ከሆነ ሞተሩን ማስገባት ነው። በየቀኑ ግን ወገባችሁን ትጨርሳላችሁ። ስታስገቡት መጀመሪያ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ውሃው ሁሉ ይውጣ። ስትሸከሙትም ስታስተኙትም ጭንቅላቱ ከፕሮፔለሩ ዝቅ አይበል፤ የቀረ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን ስለሚቀር ምድጃ ያለበት ክፍል አታሳድሩት።

ያገባኛል

ጂፒኤስ ለምን አያስገጥሙም? ሲም ካርድ የሚገባበት ርካሽ አለ።

ሞተረኛው

የሞተር ሳይክሉ ዓይነት ጂፒኤስ 12 ቮልት ባትሪ ይፈልጋል። በገመድ የሚነሳ ሞተር ባትሪ የለውም። የራሱ ባትሪ ያለውን ኮፈኑ ሥር ብትደብቀው ሲግናሉ በፕላስቲኩ ያልፋል፤ ግን ቀን ቀን ሙቀቱ ባትሪውን ይገድለዋል። ደግሞ በየጊዜው ቻርጅ ማድረግ አለብህ። እኔ ብሆን ያንን ገንዘብ ለጥበቃ አዋጣዋለሁ። አብራችሁ የምታቆሙት ተሰብስባችሁ አንድ ዘበኛ ብትቀጥሩ፣ አንድ መብራትም ብታስገቡ ለየራሳችሁ ኢምንት ነው የሚደርሳችሁ።

ሕግ ነክ

ስለ ወረቀቱ ማንም አላነሳም። የሞተሩ መለያ ቁጥር መያዣው ላይ በተለጠፈች ትንሽ ሳህን ላይ ተጽፏል። ዛሬውኑ ፎቶ አንሡት፤ ከደረሰኙና ከጉምሩኩ ወረቀት (ዲክላራሲዮኑ) ቅጂ ጋር አስቀምጡት። ሌባ መጀመሪያ የሚፍቀው ያችን ሳህን ነው። ስለዚህ ኮፈኑን ከፍታችሁ በማይታይ ቦታ የራሳችሁን ምልክት በብረት ቅረጹ። ፖሊስ ጣቢያ «የኔ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፣ ማሳየት አለባችሁ።

ኮፈኑንም ከሩቅ የሚለይ ቀለም ቀቡት። ከአፍንጫው የቀላ ሞተር ገበያ ላይ ለማቅረብ ያሳቅቃል።

ኢንሹራንስ ለመግባት ካሰባችሁ ውሉን አንብቡ። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣውና ብዙ አገር የሚሠራበት የለንደኑ የጀልባ መድን ውል፣ ለተሰረቀ ሞተር የሚከፍለው ከመደበኛው ማሰሪያ በተጨማሪ በጸረ-ስርቆት ቁልፍ ተቆልፎ ከነበረ ነው። የእጅ ብሎን ብቻ ከሆነ አይከፍልም። የናንተ ኩባንያ ውል ምን እንደሚል በጽሑፍ ጠይቁ፤ የአፍ መልስ አትቀበሉ። ቁልፉን የገዛችሁበትን ደረሰኝም አትጣሉ።

አዲሱ ጀልበኛ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሐይቅ ዳር፣ እማዬ፣ የጀልባዋ ሰንሰለት ጭራሽ አልታየንም ነበር። ከወንድሜ ጋር ተስማምተናል። በሥራ ቀን ሞተሩ እዚያው ያድራል፤ ጀልባዋ ስትቆም ቤት ይገባል። ቅዳሜ ብየዳ ቤት ሄደን ካናሉን እናሠራለን፣ ብሎኑንም እናስገባለን። ስለ ዘበኛው ከጎረቤቶቻችን ጋር ጀምረናል፤ አንዱ ብቻ «የኔ ሞተር አሮጌ ነው፣ ማን ይነካዋል» ብሎ አላዋጣም ብሏል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ብሎኑ ስንት ሚሊ ይሁን?

ሞተረኛው

ሰው በነገረህ ቁጥር አትግዛ። ሱቅ ስትሄድ ሁለት ሦስት ዓይነት ውሰድና መያዣው ቀዳዳ ውስጥ እየከተትክ ሞክር፤ ሳይንቀጠቀጥ ልክክ የሚለውን ያዝ። ርዝመቱ ከሳንቃው ውፍረት አልፎ ላሜራውን፣ ሮንዴላውንና ዳዶውን ይያዝ። መሰርሰሪያ የምታነሱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔም ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ ትሁን። ያ ሞተሬ አሮጌ ነው ያለውን ሰውዬ ደግሞ ካንዴላና ካርቡሬተር ዋጋ ጠይቁልኝ። አሮጌ ሞተር ለመለዋወጫ ነው የሚሰረቀው።