ቤት ለሚማር አካል ጉዳተኛ ልጅ የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ይሰጠው ወይስ አይሰጠው? (ክርክር)

የጠባሴዋ እናት (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። 1ኛ ክፍል አስገብቼው ነበር። ክፍሉ በልጅ የታጨቀ ነው። ደወሉ ደግሞ በብረት የሚቀጠቀጥ ነው። በተደወለ ቁጥር ጆሮውን ይዞ ዴስክ ሥር ይገባል። አንዴ ከግቢ ወጥቶ የደሴው አስፋልት ላይ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ቤት አስተምረዋለሁ። ፊደል ጨርሶ ማንበብ ጀምሯል፣ ተመስገን። የንግግር ልምምዱን ግን እኔ አልችልበትም። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የአካቶ ትምህርት ድጋፍ ማዕከል አለ፤ አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎቹ ጋር እንዲማሩ የሚያግዝ ነው፤ የሠለጠነች መምህርትም አለች። በሳምንት ጥቂት ሰዓት እንዲያዩልኝ ብጠይቅ «የእኛ ተማሪ አይደለም» ተባልኩ። እስቲ ፍረዱኝ። ድጋፉ የልጁ ነው ወይስ የመዝገቡ?

መምህር፣ ከመሐል ሜዳ፦
እህቴ፣ እኔም የልዩ ፍላጎት መምህር ነኝ፤ ከውስጥ ያለውን ልንገርሽ። ስኩል ግራንት የምንለው ድጎማ የሚሰላው በተመዘገበ ተማሪ ቁጥር ነው። ያልተመዘገበ ልጅ ሒሳቡ ውስጥ የለም። ማዕከሉ ደግሞ ለራሱ ትምህርት ቤት ብቻ አልተቋቋመም፤ በዙሪያው ያሉ የጉድኝት ትምህርት ቤቶችንም ይደግፋል። ተዘዋዋሪ መምህር የሚባለው ለዚሁ ነው። የመንዝን ዳገትና ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው የምንሄደው በእግራችን ነው። በዚህ ላይ የየቤቱ ልጅ ከተጨመረ ክፍል ያሉት ይጎዳሉ። የእኔ ድምፅ «አይሰጥ» ነው።

የአንኮበር ልጅ፦
እኔም አይሰጥ እላለሁ፤ ምክንያቴ ግን በጀት አይደለም። መስማት የተሳነኝ ሰው ነኝ። 11 ዓመት እስኪሞላኝ ቤት ነው ያደግሁት። ማንም ክፉ ሆኖብኝ አይደለም፤ እናቴ ሰው እንዳይስቅብኝ ፈርታ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባ ነበር። ቋንቋ ያገኘሁት አዲስ አበባ ሄጄ፣ እንደኔው ከማይሰሙ ልጆች ጋር ስውል ነው። የምልክት ቋንቋ ብቻህን አትለምደውም፤ የሚመልስልህ ሰው ይፈልጋል።
ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። አንቀጽ 24 አካል ጉዳተኛ በጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ የትምህርት ሥርዓቱ እንዳይገለል ያዛል። ዛሬ «ቤት ለሚማሩትም እንስጥ» ብንል፣ ነገ ዳይሬክተሩ ወላጁን ሁሉ «ቤት አስተምሩት፣ መምህር እንልካለን» ይላል። መምህሩ አይመጣም፤ ልጁ ግን ቤት ይቀራል።

የጠባሴዋ እናት፦
ወንድሜ፣ የምትለው ጓዳ ይገባኛል። የኔ ልጅ ግን አልተደበቀም። ገበያ አብሮኝ ይወጣል፣ ጥምቀት ይወርዳል፣ ሰፈሩ በስሙ ይጠራዋል። እኔ ከትምህርት ቤት አላሸሸሁትም፤ ክፍሉ ነው የገፋው። ደግሞ አንተ በጆሮህ ያጣኸውን እሱ በጆሮው በዝቶበታል። የሁለታችሁ መድኃኒት እንዴት አንድ ይሆናል?

ከደብረ ሲና፦
ለምን አዲስ አበባ አትወስጂውም? ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋመችው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ።

የጠባሴዋ እናት፦
ነፍሷን ይማርና ለብዙ እናት ዓይን ገልጣለች። ግን 130 ኪሎ ሜትር ነው እኮ! ሌሎቹን ልጆቼን ለማን ትቼ?

ሜሪላንድ ያለሁት የአጣዬ ልጅ፦
እዚህ አሜሪካም ነገሩ የምታስቡትን ያህል አልጋ በአልጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣና ዛሬ አይዲኢኤ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። በሕጉ መሠረት አካል ጉዳት አለባቸው ተብለው የሚጠረጠሩ ልጆችን ፈልጎ ማግኘትና መገምገም የመንግሥት ግዴታ ነው። ድጋፉ ላይ ግን ይለያያል። ቤት የሚማር ልጅ እንደ ግል ትምህርት ቤት ተማሪ ይታይ አይታይ የየስቴቱ ሕግ ይወስናል። ቢታይ እንኳ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያገኘውን ሁሉ ስጡኝ የማለት የግል መብት የለውም። ለእነዚህ ልጆች ከፌዴራሉ ገንዘብ የተመጣጠነ ድርሻ ይመደባል፤ ለማን ምን እንደሚሰጥ የሚወስነው አስተዳደሩ ነው። እኔ የወደድኩት ግምገማውን ከድጋፉ መለየታቸውን ነው። መምህር፣ ልጁን ገምግሞ ለእናቱ ምን እንደምትሠራ ማሳየት ስንት በጀት ይፈጃል?

ጋሼ፣ ከሸዋ ሮቢት፦
የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ይደግፋል ይላል። ክፍል ለገቡት ብቻ አላለም። ደግሞስ በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ የሁላችንም ልጅ ቤት አልዋለም? ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ተማሪዎቻችን አይደሉም ያለ ሰው አልሰማሁም። በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው የክልላችን ልጆችስ? ቤት የዋለ ሁሉ ይፋቅ?

የአንኮበር ልጅ፦
ጋሼ፣ ያ ሬዲዮ ለእኔ ቢጤ ምን ሊረባ? ቤት የተላከ ትምህርት መጀመሪያ የሚረሳው እኛን ነው።

መምህር፣ ከመሐል ሜዳ፦
ግምገማውን ማንም አይከለክልም፤ እዚያ ላይ እስማማለሁ። ድጋፉን በተመለከተ ግን መፍትሔው ምዝገባ ነው። እህቴ፣ ልጁን አስመዝግቢው። የግለሰብ የትምህርት ዕቅድ ይውጣለት። ሌሎቹ ከተለቀቁ በኋላ፣ ደወል በሌለበት ሰዓት ማዕከሉ ይምጣ። ቀሪውን ቤት ይማር። ሲለምድ ወደ ክፍል ይሻገራል። አንድ ነገር ልብ በይ፤ የቃል ስምምነት እንዳትቀበዪ። ዳይሬክተር ይቀየራል፣ አዲሱ መጥቶ ልጁን በቀሪ ያሰናብትሻል። በደብዳቤ ይሁን፣ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ግልባጭ ይደረግ።

የአንኮበር ልጅ፦
በመዝገብ ኖሮ በአካል የሌለ ልጅ ለሪፖርት ነው የሚመቸው። ክፍል የሚገባበት ቀን ዕቅዱ ላይ ካልሰፈረ እኔ የለሁበትም።

የጠባሴዋ እናት፦
ቀን ይጻፍ፣ ደስ ይለኛል። ግን በልጄ ላይ ብቻ አይጻፍ። ደወሉ መቼ እንደሚቀየር፣ የግቢው በር መቼ ጠባቂ እንደሚኖረው፣ ክፍሉ መቼ እንደሚቀልም አብሮ ይስፈር። እነሱ ቀናቸውን ካከበሩ እኔም የኔን አከብራለሁ። መምህር፣ የማመልከቻውን አጻጻፍ በውስጥ መስመር ይላኩልኝ፤ ሰኞ ጠዋት ይዤ እገባለሁ።